የዶሮ ቤቱ ካሜራ ከሩቅ አልታይ ሲል

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦

«ሰንዳፋ መንገድ ላይ ትንሽ የዶሮ እርባታ አለኝ። 4 ካሜራ ከነመቅረጫው አስገጥሜ ሌሊት ከቤቴ ሆኜ በስልኬ አያቸው ነበር። መስመሩ ወደ ፋይበር ከተቀየረ ወዲህ ግን እዚያው ግቢ ስሆን ይታያል፣ ቤቴ ስገባ ‹ኦፍላይን› ይለኛል። አንዱ ቴክኒሻን ‹ዘመኑ የአይፒቪ6 ነው፣ ራውተርሽ አይችልም› ብሎ አዲስ አስገዛኝ። ለውጥ የለም። ሌላው ደግሞ ‹አይፒቪ6ን አጥፊው፣ የሚረብሽሽ እሱ ነው› አለኝ። ማንን ልመን?»

እህቴ፣ በቅድሚያ ሌላ ገንዘብ እንዳያወጡ። ግቢ ውስጥ ሆነው የሚታይዎት ከሆነ ካሜራውም መቅረጫውም ጤነኛ ነው። የጠፋው ከውጭ ወደ ግቢዎ የሚያስገባው አድራሻ ነው። ለገጣፎና አካባቢው ካሜራና ኔትወርክ ስዘረጋ ይህን ጥያቄ አዲስ መስመር በገባበት ሰፈር ሁሉ እሰማዋለሁ።

ነገሩን በፖስታ ሳጥን ላስረዳዎት። ድሮ ደብዳቤ የሚመጣልን በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር። ሳጥኑ አንድ፣ ሰው ብዙ። እርስዎ ቀድመው ጽፈው ስምዎን ካስታወቁ መልሱ ይደርስዎታል። ስም ሳይጠቅስ በሳጥን ቁጥሩ ብቻ የላከ ሰው ግን ደብዳቤው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

የድሮው መስመርዎ ለራሱ ብቻ የሆነ የውጭ አድራሻ ነበረው። አይፒ ማለት የኢንተርኔት አድራሻ ነው፤ ይህን የውጭውን እኛ ፐብሊክ አይፒ እንለዋለን። ቴክኒሻኑ ራውተሩ ላይ ፖርት፣ ማለትም ከውጭ የመጣ ጥያቄ ወደ መቅረጫው የሚያልፍበት መግቢያ፣ ከፈተና ካሜራው ከየትም ታየ። አዲሱ መስመር ላይ ግን አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለው ሊሆን ይችላል። ሲጂናት ይባላል። ዩቲዩብ ሲከፍቱ ወይም ቴሌግራም ሲጠቀሙ አይታወቅዎትም፤ ጥያቄው ከእርስዎ ስለሚነሳ መልሱ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ካሜራዎን ከቤት ለማየት ሲሞክሩ ግን ስም ሳይጠቅስ እንደጻፈው ሰው ሆኑ።

ለምን ያካፍላል? አድራሻ ስላለቀ ነው። አይፒቪ4 የሚባለው፣ እስካሁን በስፋት የምንጠቀምበት የኢንተርኔት አድራሻ አሠራር መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። አድራሻው 32 ቢት (የ0 ወይም የ1 ቦታ) ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። ያኔ ይህ ብዙ ነበር። ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ ያለው ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ካሜራ ሲቆጠር 5 እና 6 ዕቃ ይሆናል። የዓለም ማዕከላዊ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ አለቀ። የአፍሪካን ድርሻ የሚያድለው መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለአንድ አመልካች በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቢበዛ 1,024 አድራሻ ነው። ይህ ለእናንተ ሰፈር ነዋሪ እንኳ አይበቃም።

መድኃኒቱ የተዘጋጀው ከዚያ አስቀድሞ ነው። አዲሱ የአድራሻ አሠራር አይፒቪ6 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አድራሻው 128 ቢት ነው። ለአንድ ግቢ የሚሰጠው ድርሻ ብቻ ከመላው የአይፒቪ4 አድራሻ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ጫጩትዎ ቢያድሉ አያልቅም።

ታዲያ ለምን እስካሁን አልተሻገርንም? በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የስልክ ቁጥራችን ሲቀየር ያስታውሱ ይሆናል። ቀን ተቆረጠ፣ በድሮው ቁጥር ፊት አሃዝ ተጨመረ፣ በቃ። ኢንተርኔትም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጎ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ አሁኑ አሠራር ሲገባ። ያኔ ግን የተያያዙት ኮምፒውተሮች ጥቂት መቶዎች ነበሩ። ዛሬ ለሁሉም ቀን የሚቆርጥ የለም። አይፒቪ6ም በድሮው አድራሻ ላይ አሃዝ ተጨምሮበት የተሠራ አይደለም። ራሱን የቻለ ሌላ ቋንቋ ነው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ዕቃ ሌላውን ብቻ ከሚያውቅ ዕቃ ጋር ያለ አስተርጓሚ አይግባባም። ስለዚህ ሁለቱም ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። አድራሻ ማካፈሉ ለጊዜው ስለሚያስኬድ ሁሉም ሌላው እስኪቀድመው ይጠብቃል። ወደ ጉግል ከሚገባው ሰው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ዛሬ በአይፒቪ6 ነው የሚመጣው፤ ግን ከአገር አገር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። የዚህ ሁሉ መጠባበቅ ዋጋ የሚያርፈው ግን እንደ እርስዎ ባለ፣ ዶሮውን ከሩቅ ሊጠብቅ በሚፈልግ ሰው ላይ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ግቢዎ እንሂድ። እርባታው ጋ ሲሄዱ ስልክዎን ከዋይፋዩ ጋር ያገናኙና የሞባይል ዳታውን ያጥፉ። ይህን አይርሱ። ዳታው በርቶ ከተመለከቱ የሚያዩት የስልክዎን አድራሻ እንጂ የግቢውን አይደለም። ከዚያ ከአዲሱ ራውተር ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያለውን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ጽፈው ይግቡ። «ስታተስ» ወይም «ዋን» (የውጭው መስመር) በሚለው ቦታ ያለውን ቁጥር ይጻፉ። ቀጥሎ ጉግል ላይ «የእኔ አይፒ» ብለው ፈልገው ከሚወጡት ገጾች አንዱ የሚነግርዎትን ቁጥር ይመዝግቡ። ሁለቱን ያወዳድሩ።

አንድ ዓይነት ከሆኑ ፐብሊክ አይፒ አለዎት። ያልታየው አዲሱ ራውተር ላይ ፖርቱ ስላልተከፈተ ሊሆን ይችላል። የራውተሩ ቁጥር ከመጀመሪያው ነጥብ በፊት 10 ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ እየተካፈሉ ነው። ምንም ፖርት ቢከፈት፣ ምንም ራውተር ቢገዛ ከውጭ አይገባም። በ192.168 ከጀመረ ግን ጣጣው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የፋይበሩ ሳጥን ራሱ ራውተር ነው፤ አዲሱን ራውተር ከእሱ ኋላ ሰክተውታል። ራውተር በራውተር ላይ ሆነ ማለት ነው። ለዚህም ከታች ያለው ሁለተኛው መንገድ ይሠራል፤ የአዲሱን ራውተር አሰካክ ደግሞ መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ። የተገዛልዎትን ዕቃ ሳስብ ይህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ይመስለኛል።

እየተካፈሉ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለአቅራቢዎ በጽሑፍ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ መጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ለድርጅት የሚሰጥ አገልግሎት ስለሆነ በየወሩ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። ለ4 ካሜራ ሲባል ይህን አልመክርዎትም።

ሁለተኛው መንገድ መቅረጫው ውስጥ ያለ ነው። የቅርብ ጊዜ መቅረጫዎች አብዛኞቹ «ፒቱፒ» ወይም «ክላውድ» የሚል አማራጭ አላቸው። ያንን ሲያበሩ መቅረጫው ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ከአምራቹ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር ይገናኛል፤ ስልክዎ እዚያ ያገኘዋል። ቀድሞ የጻፈው መቅረጫው ስለሆነ መልሱ አይጠፋም። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ በስልክዎ መተግበሪያ ማንሳት ብቻ ይበቃል።

ብቻ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። የድሮው ቴክኒሻን ፖርት ሲከፍት ለመቅረጫው በእጅ ቋሚ አድራሻ ሰጥቶት ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው እንደዚያ ነው። ከአድራሻው ጋር ጌትዌይ የሚባል መውጫ በር ተጽፏል። የድሮው ራውተር በር ለምሳሌ 192.168.1.1 ነበር እንበል። የፋይበሩ ሳጥን በር ግን 192.168.100.1 ሊሆን ይችላል። የአዲሱን ራውተር በር ደግሞ ቴክኒሻኑ ሌላ አድርጎት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ መቅረጫው ዛሬም የሌለ በር እያንኳኳ ነው። ግቢ ውስጥ ያለው ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ደህና ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። እኔም አንድ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ቀን ሙሉ ኬብል ስፈትሽ ውዬ በመጨረሻ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። የመቅረጫው ኔትወርክ ገጽ ላይ ገብተው «ዲኤችሲፒ» የሚለውን ያብሩ። አድራሻውን፣ በሩንና ዲኤንኤስ የሚባለውን የስም ማውጫ ራሱ ከራውተሩ ይቀበላል። አጥፍተው ያብሩት። ከዚያ «ፒቱፒ» የሚለው ስር «ኦንላይን» ካለ ጨርሰዋል።

የአይፒቪ6ን ጉዳይም ሳልመልስ አልለፍ። አይፒዎን የሚያሳየው ገጽ በ2 የሚጀምር፣ በሁለት ነጥቦች የተከፋፈለ ረጅም አድራሻ ካሳየዎት መስመርዎ አይፒቪ6 አለው። በ«ኤፍኢ80» የሚጀምር አድራሻ ግን ግቢ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ማንኛውም ኮምፒውተር ለራሱ ይሰጠዋል። እሱን አይቶ «አይፒቪ6 ገብቶልሻል» የሚል ሰው ተሳስቷል። አይፒቪ6 ቢኖርዎት እንኳ ካሜራውን በእሱ ለማየት መቅረጫውም፣ የእርባታው መስመርም፣ እርስዎ ያሉበት መስመርም ሦስቱም መቻል አለባቸው። አንዱ ከጎደለ የለም ማለት ነው። አሮጌ መቅረጫዎች ብዙዎቹ አይችሉም። ለዚህ ነው አዲሱ ራውተር ብቻውን ምንም ያላመጣው።

አጥፊው ላለዎት ደግሞ፦ አልፎ አልፎ አይፒቪ6 በግማሽ ተዋቅሮ ገጾች ሲከፈቱ ሊያዘገይ ይችላል። ለሙከራ ለአምስት ደቂቃ አጥፍቶ ማየት ነውር የለውም። ልዩነት ከሌለ መልሰው ያብሩት። ካሜራዎ ስለጠፋ ግን እሱን አይውቀሱት። ከእንግዲህ የሙቀት መለኪያም ሆነ አዲስ መቅረጫ ሲገዙ «አይፒቪ6 ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ያ መስመር ሲመጣ የግቢዎ ዕቃ ሁሉ የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። ያኔ ከውጭ የሚመጣውን የሚከላከለውን የራውተሩን ፋየርዎል ማንም እንዳያጠፋብዎት። አድራሻ መኖር ማለት በሩን ለሁሉም መክፈት ማለት አይደለም።

ፓስወርዱን ዛሬውኑ ይቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን በገፍ ነጥቆ ነበር። በእነሱ በተከፈተ ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ትልልቅ ገጾች ለሰዓታት ተቸግረዋል። «ፒቱፒ» ከሠራልዎት የድሮው ቴክኒሻን የከፈተው ዓይነት ፖርት አያስፈልግዎትም። አዲሱ ራውተር ላይም ከፍተውት ከሆነ ይዝጉት።

ያ አዲሱ ራውተርም አይባክንም። የእርባታ ግቢ ሰፊ ነው፤ ዋይፋዩ ጫፍ ላይ አይደርስም። የራውተሩን አድራሻ ወደ 192.168.100.2 ይቀይሩት፤ የፋይበሩ ሳጥን አድራሻ ሌላ ከሆነ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ለይተው እንደ እሱ ያስተካክሉ። አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አዲሱ ራውተር ላይ ያጥፉ። ከፋይበሩ ሳጥን የሚመጣውን ኬብል «ዋን» ላይ ሳይሆን «ላን» ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩት። መቅረጫው ከፋይበሩ ሳጥን ጋር ይገናኝ። አዲሱ ራውተር ጫጩቶቹ ቤት በኩል ዋይፋይ ያሰራጭልዎታል።