ጥያቄና መልስ፦ «ቤቱ ዝግ ነበር» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም

ከቱሉ ዲምቱ የጻፈችልን ዳታ ሰብሳቢ ናት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለ ውሃ አቅርቦት መጠይቅ ታስሞላለች። ላይኛው ፎቅ ያሉት ቀን ሥራ ስለሚውሉ በራቸው ዝግ ነው። ሱፐርቫይዘሯ «የታችኞቹን አይተሽ ሙይው፣ ማን ያውቃል» አላት። የሚከፈላት በተሞላ ወረቀት ልክ ነው። «ይሄን ያህል ጥፋት ነው ወይ?» ትላለች።

ነው፣ እህቴ። የውሃው ግፊት ሲያንስ መጀመሪያ የሚቋረጠው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ጀሪካን ተሸክማ አራት ፎቅ የምትወጣው ያቺው በሯ ዝግ የሆነው ሴት ናት። የምድር ቤቱን መልስ ስትገለብጪባት «ውሃ ይመጣልኛል» አስባልሻት ማለት ነው፣ ሪፖርቱን የሚያነበው ኃላፊም እዚያ ችግር የለም ብሎ ያልፋል። ይሄ ዳታ መፈብረክ ነው፤ መረጃ ከማዛባትና የሰው ሥራ ከመስረቅ እኩል የምርምር ትልቁ ጥፋት ነው። «ዝግ ነበር» ብለሽ ጻፊና ማታ ወይም እሁድ ተመለሺ። ካጣሻቸውም ያልተገኙት ስንት እንደሆኑ ማወቅ ራሱ ለተንታኙ ይጠቅመዋል። ገልብጠሽ የሞላሻቸው ካሉ ለይተሽ ለዋናው ተመራማሪ ንገሪ። እሱ አልሰማሽም ካለ ጥናቱን ላጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደውዪ፤ ስልኩ ለተሳታፊዎች በምታነቢው ወረቀት ላይ መኖር አለበት። በወረቀት ብዛት የሚከፍል ፕሮጀክትም ከተጠያቂነት አያመልጥም፣ ውሸቱን የሚጋብዘው እሱ ነው።

አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን የሚያለሙ እናት ደግሞ አጥኚዎች የልጃቸውን ደም እንደወሰዱ፣ ሳይነበብላቸው እንደፈረሙና ውጤት እንዳልሰሙ ነግረውናል። እናቴ፣ ይጠይቋቸው። ጥናቱ በሚገባዎት ቋንቋ ሊነገርዎት ይገባ ነበር፣ ልጅዎንም በፈለጉ ጊዜ ማስወጣት ይችላሉ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሰው ላይ ስለሚደረግ ጥናት ያወጣው የሄልሲንኪ ድንጋጌ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው። አሜሪካ ታስኪጊ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች በሽታቸው ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን እያለ ሳይታከሙ ተጠኑ። «ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ልጁን ካመመው ግን የጥናት ውጤት አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ዛሬውኑ። ለጥናት የተወሰደ ደም ሕክምና አይደለም።

ከለገጣፎ፦ «ስለተሳተፍን ሳሙና ሰጡን፣ ነውር አለው?» የለውም፣ ይታጠቡበት።

ከሰበታ የማስተርስ ተማሪ፦ አማካሪው ጽሑፉን ሳያነብ «ስሜ ከፊት ይሁን» ብሎታል። ደራሲ የሚባለው በሥራው በቁም ነገር የተሳተፈ፣ የጻፈ ወይም ያረመ፣ የመጨረሻውን አንብቦ ያጸደቀ፣ ስህተት ሲገኝም የሚጠየቅ ነው። አራቱም አንድ ላይ ሲሟሉ ነው ታዲያ። ያላነበበ ሰው ከፊትም ከኋላም ቦታ የለውም፤ ምስጋና ላይ ይግባ። የትምህርት ክፍልህን አናግር።