በክረምት ሞልቶ በጥቅምት ባዶ የሚሆነው አዳራሽ፣ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆችና ስለ ካራቴ ናቸው። ካራቴ ስል እንደ ሰፈራችን አጠራር ቴኳንዶውንም ጨምሬ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ።

አንዲት የደብረ ብርሃን እናት፦ ብርዱ አልቻል ብሎ ልጄን ከካራቴ ልብሱ ሥር ሹራብ አለበስኩት፣ ማስተሩ ይቆጣ ይሆን?

ያልብሱት። ማስተሩ ከተቆጣ እሱ ራሱ ከሥር ምን እንደደረበ ይጠይቁልኝ።

እዚያው ደብረ ብርሃን አዳራሽ ተከራይቶ ልጆች የሚያሠለጥን ወጣት፦ ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዳራሹ ጢም ይላል። መስከረም ሲጠባ ይሳሳል። ጥቅምት ላይ የሚቀሩት የዘመድ ልጆች ብቻ ናቸው። ወላጆች "ትምህርት ስለተጀመረ ነው" ይሉኛል። ዋጋ ልቀንስ ወይስ ማስታወቂያ ልጨምር?

ሁለቱንም ተወው ወንድሜ። "ትምህርት ተጀመረ" የጨዋ ሰው መልስ ነው። ወላጅ ፊት ለፊት "ልጄ ሰለቸው" አይልህም። የወደደ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት እናቱን ከአልጋ ጎትቶ ያመጣታል።

የ6 ዓመቱንና የ13 ዓመቱን አንድ ላይ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ በሰልፍ እንደምታሠራ ጽፈሃል። ትንሹ ልጅ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ሰዓት የሚያጠፋው የፊተኛውን ጀርባ እያየ ተራ በመጠበቅ ነው። ለይተህ አሠራቸው፦ ከ5 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 11፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ለብቻ። ለትንንሾቹ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃል፣ ግማሹም ጨዋታ ይሁን። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መቆም ያስተምራል፣ አባሮሽ ደግሞ የእግር ፍጥነት ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። አንድ የመምቻ ፓድ ለሃያ ልጅ ከሆነብህ የስፖንጅ ፍራሽ ቆራርጥና ሁለት ሁለት አድርጋቸው። ሁሉም ልጅ በየደቂቃው አንድ ነገር ሲመታ ይታይ። የትምህርት ቤት ፈረቃቸውንም ነሐሴ ላይ ጠይቅ፣ መስከረም ላይ ከጠየቅህ ዘገየህ። አዲሱ ፕሮግራም ጳጉሜን ሳይገባ ወላጅ እጅ ይግባ። ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ካለ ደውል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግኻት አለች፦ "ሥርዓት እንዲይዙ አንዳንዴ በልምጭ ሾጥ አደርጋቸዋለሁ፣ ያረፈደ ደግሞ 30 ፑሽአፕ ይሠራል።" እኔ እንደማየው ጥቅምት ላይ አዳራሽህን ባዶ የሚያደርገው ይሄ ነው።

የ7 ዓመት ልጅ ያረፈደው እናቱ ስላረፈደች ነው። ፑሽአፕን በቅጣት የተማረ ልጅ ደግሞ ሲያድግ ስፖርትን እንደ ቅጣት ያያል፤ ጥንካሬ የምትሰጥበትን መሣሪያ በገዛ እጅህ አበላሸኸው ማለት ነው። ልምጩን በተመለከተ ሕጉም ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ ሕፃናትን በሚያሳድጉና በሚንከባከቡ ተቋሞች ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት ሰጥቷቸዋል። "የኔ ክለብ ተቋም አይደለም" እንዳትለኝ። ልጅ ተረክበህ በር ከዘጋህ ኃላፊነቱ ያንተ ነው።

"እኛም ተገርፈን ነው የተማርነው" የምትለኝን ከወዲሁ እሰማታለሁ። እንዲህ የሚሉት ተገርፈው የቀሩት ናቸው። ተገርፈው ጥለው የሄዱትን ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ከመካከላቸው ካንተ የተሻለ የሚመታ ይኖር ይሆናል፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል።

ታዲያ ልጁ ቢያስቸግርስ? ሁለት ደቂቃ ዳር ይቀመጥና ይመለስ። ወይም ሥራ ስጠው፣ በኮሪያኛ "ሐና፣ ዱል፣ ሴት" (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት) እያለ ለሁሉም ይቁጠር። አስቸጋሪ ልጅ ብዙ ጊዜ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። በሩን ክፍት አድርግ፣ ወላጅ ሲፈልግ ገብቶ ይቀመጥ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ደግሞ ብቻህን አትሁን። ይሄ ልጁንም አንተንም ይጠብቃል። በሚቀጥለው ጥቅምት ስንት ልጅ እንደቀረህ ጻፍልኝ፤ የሜዳልያውን ቁጥር ግን አልፈልገውም።

አንድ የደብረ ሲና አባት፦ ልጄ ካራቴ ከጀመረ ወዲህ ታናሽ እህቱ ላይ ይለማመዳል።

እህትየውንም ያስመዝግቧት። የምሬን ነው። እስከዚያው ግን ልጁ ባለበት ለማስተሩ ይንገሩት። ከአዳራሽ ውጪ የመታ ልጅ ቀበቶውን ለአንድ ሳምንት ማስተሩ ጋ ያስቀምጥ። አባት ከሚቆጣው አስር ጊዜ ይልቅ የማስተሩ አንድ ዓይን ይሠራል።

ከሸዋ ሮቢት፦ የ11 ዓመት ልጄ በዓብይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፣ ልምምዱ አስር ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ራሱን አዞረው።

ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱን ያናግሩ፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ልምምዱን ግን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲገፋላችሁ ማስተሩን ጠይቁ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደጾሙ መዝለል ቀልድ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮና ሙዝ ይብላ፣ ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ። ካዞረው በዚያ ቀን አይግጠም። ጾሙ ካለፈ በኋላም ካዞረው ሐኪም ይየው።

ከዓለም ከተማ፦ የ10 ዓመት ልጄ ሲጋጠም ጭንቅላቱን በእርግጫ ተመታ። ማታ አስመለሰው፣ ይኸው በአራተኛ ቀኑም ራሱን ያመዋል። አሠልጣኙ "ኮፍያ አድርጎ ነበር፣ እሑድ ውድድር አለ" ይለኛል።

እሑድ ውድድር የለም። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት፤ የቀረውን መንገድ ላይ ያነቡታል። የራስ መከላከያው ቁስልና መሰንጠቅን ይቀንስ እንጂ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ አያደርግም። ሕመሙ ከባሰበት፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከጣለውና መንቃት ካቃተው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ። ሐኪሙ ፈቅዶለትም ቢሆን መጀመሪያ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ልምምድ፣ ግጥሚያ በመጨረሻ። ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ አደጋው የከፋ ነው። አሠልጣኙ ከተከራከረዎት ልጁን ከዚያ ክለብ ያውጡት፣ ሽማግሌ አያስፈልገውም።

ከመሐል ሜዳ፣ ሁለት ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ፦ ከሁለቱ ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ድርጅቶች አይቲኤፍ ይሻላል ወይስ ዎርልድ ቴኳንዶ? ደግሞስ "በአንድ ዓመት ጥቁር ቀበቶ" የሚል ማስታወቂያ ይታመናል?

ለልጅ የሚሻለው ለቤትዎ የሚቀርበውና አሠልጣኙ የማይማታው ነው። ልጁ ኦሊምፒክን ካለመ ግን ከ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ጀምሮ ሜዳልያ የሚሰጥበት የዎርልድ ቴኳንዶው ነው። ሐምሌ 2013 በቶኪዮ የኢትዮጵያ ተወዳዳሪ የገባውም በዚሁ ነው።

ስለ ማስታወቂያው፦ በዎርልድ ቴኳንዶ በኩል ኩኪዎን የተባለው የኮሪያ ተቋም ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጠው ዳን የሚባለውን የአዋቂ ጥቁር ቀበቶ ደረጃ ሳይሆን ፑም የሚባለውን የልጆች ደረጃ ነው፣ ቀበቶውም ቀይና ጥቁር ነው። ለ8 ዓመት ልጅ በዓመት ጥቁር ቀበቶ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ጨርቅ ነው። ገንዘቡን ሳይከፍሉ በፊት "የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ነው?" ብለው ይጠይቁት። ማሳል ከጀመረ ወደ ቤትዎ ይመለሱ።