ታይ ቺ ጀመርኩ፤ ጉልበቴን አመመኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜዬ 43 ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። «አካልን፣ አእምሮንና መንፈስን ያስማማል» ሲባል ሰምቼ ታይ ቺ የሚባለውን ቀስ ብሎ የሚሠራ የቻይና እንቅስቃሴ በቪዲዮ እያየሁ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። 24ቱንም እንቅስቃሴ በቃሌ ይዣለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ቀኝ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ሐሳቤም እንደ ድሮው ይሮጣል። ጓደኛዬ ደግሞ «ሳታውቂው ሌላ እምነት ውስጥ እየገባሽ ነው» ትለኛለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። አትተዪው። 24ቱን እንቅስቃሴ ግን ለሁለት ሳምንት ወደ ጎን አድርጊያቸው።

እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ቅደም ተከተሉን በአንድ ወር ሸምድጄ አስተማሪዬ ፊት በኩራት ሠራሁት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ «በል አሁን ግራ እግርህን አንሣ» አለኝ። ላነሣ ስል መላ ሰውነቴ ወደ ቀኝ ዘመመ። አንድ የጋዜጣ ገጽ አምጥቶ ከግራ እግሬ ሥር አነጠፈ። «ክብደትህን ሁሉ ወደ ቀኝ አሳልፍ። ግራው ወለሉን ይንካ እንጂ ምንም አይሸከም።» ያሳለፍኩ መሰለኝ። ወረቀቱን ሲስበው ለሁለት ተቀደደ። ያን ቀን ስድስት ገጽ ጨረስን። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ መራመድ ብቻ ነው ያስተማረኝ። አኩርፌ አንድ ቀን ቀርቻለሁ፤ አልደብቅሽም።

ታይ ቺ ውስጥ ክብደቱን የያዘው እግር «ሙሉ»፣ የለቀቀው «ባዶ» ይባላል። ያ ዪንና ያንግ የሚሉት ትልቅ ነገር፣ ተቃራኒ ሆነው የሚደጋገፉ ሁለት ኃይሎች ማለት ነው፣ እግር ድረስ ሲወርድ ይኸው ነው።

ጉልበትሽም የታመመው ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ቪዲዮ ስናይ ዓይናችን እጅን ነው የሚከተለው፤ እጁ ያምራላ! እግሩን ልብ አንለውም። ወደ ፊት ተራምደሽ ቀኝ እግርሽ ላይ ነሽ እንበል። ቀጥሎ ጣቶቹን ወደ ውጭ ማዞር አለብሽ። ክብደትሽ እላዩ ላይ እያለ ካዞርሽው እግርሽ ወለሉን እንደያዘ ይቀራል፤ ዳሌሽ ይዞራል፤ መሀል ላይ ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል። ጉልበት ደግሞ ሥራው መታጠፍና መዘርጋት ነው፤ መጠምዘዝ ብዙም አይሆንለትም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ኋላ እግርሽ ተመለሺ። የፊተኛው ባዶ ይሁን። በተረከዙ አዙሪው። ክብደቱን የምትመልሺለት ከዚያ ነው። ጉልበትሽ ሁልጊዜ ጣቶችሽ ወደሚያመለክቱበት ይዙር፤ ከጣቶችሽም ቀድሞ አይሂድ። ዝቅ ብሎ መሥራት ሲያዩት ያምራል፤ አንቺ ግን ለጊዜው ቀና ብለሽ ሥሪ። ሶሉ ወለሉን ሙጭጭ ብሎ የሚይዝ ጫማ ካለሽም ቀይሪው። ጉልበትሽ ካበጠ፣ አልታጠፍ ካለ ወይም ደረጃ ስትወርጂ ከከዳሽ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ያ ከእኔ አቅም በላይ ነው።

ወደ ሐሳብሽ ልምጣ። «አእምሮሽን ባዶ አድርጊ» የሚል ምክር ሳትሰሚ አትቀሪም። እኔ አንድም ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። ሐሳብ አደብ የሚገዛው ሥራ ሲሰጡት ነው። አንዲቷን እርምጃ እስከ አስር እየቆጠርሽ ሥሪያት። ባዶው እግር ይነሣል፤ ተረከዙ እንደ ድመት ኮቴ ድምፅ ሳያሰማ ያርፋል፤ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደዚያ ይፈሳል። ሩቡ ሄደ፣ ግማሹ ሄደ እያልሽ ተከታተዪው። መሀል ላይ ያልመለስሽው ኢሜይል ትዝ ሊልሽ ይችላል። ወዲያው ትንገዳገጃለሽ። አትናደጂ፣ ከግማሹ ቀጥዪ። ትንፋሽሽን ከእንቅስቃሴው ጋር በግድ አታጋጥሚው። አትያዢው ብቻ። ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ከወጣ ይዘሽዋል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሚዛንን ማገዙ እንዲሁ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት 195 የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴንና ሚዛንን የሚያውክ የአንጎል በሽታ) ሕሙማንን ለ24 ሳምንት ተከታትሎ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ታይ ቺ የሠሩት፣ ሰውነት በማፍታታት ብቻ ከቆዩት ይልቅ መውደቃቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

የጓደኛሽን ስጋት አልንቀውም። ዪንና ያንግ ከቻይና ፍልስፍና የመጣ አስተሳሰብ ነው፤ ታኦይዝም በሚባለው የቻይና ጥንታዊ እምነት ውስጥም አለ። ታይ ቺ ራሱ ግን የውጊያ ጥበብ ነው። አብዛኛው የታሪክ ጸሐፊ ጅማሬውን በሄናን ግዛት ቼንጂያጎው በምትባል መንደር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ወታደር ከቼን ዋንግቲንግ ጋር ያያይዘዋል። አንቺ የሸመደድሽው ባለ 24 ደግሞ የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን በ1956 እ.ኤ.አ. ያንግ በሚባል ቤተሰብ ስም ከሚጠራው ስልት (ከዪንና ያንጉ ጋር አይምታታብሽ) አሳጥሮ ለሕዝብ ጤና ያዘጋጀው ነው። ኮሚቴ ያረቀቀው ነገር እምነት ያስቀይራል ብዬ አልሰጋም። ማሰላሰሉንና ፍልስፍናውን መውሰድ አለመውሰድ ያንቺ ፋንታ ነው፤ እርምጃው ያለ እሱም ይሠራል። የቻይና የውጊያ አስተማሪዎች «መንፈስ» ሲሉም ብዙ ጊዜ ዓይን ላይ የሚታየውን ንቃት ማለታቸው ነው። እና ወለሉን አትዪ፤ ፊት ለፊት ተመልከቺ።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ። አንድ ወረቀት፣ የሚስብልሽ አንድ ሰው። ሰው ከሌለ ራስሽ በባዶው እግርሽ ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ አንሸራትቺው፤ ላይኛው ሰውነትሽ ግን አይነቃነቅ። በሁለቱም እግር ሳይቀደድ የወጣ ቀን ጻፊልኝ፤ ስለ እጆቹ ያን ጊዜ እናወራለን።