ኦርጅናሉ ወይስ የአሜሪካኑ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ፖለቲካ ድራማ ከጻፍኩ ወዲህ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት እዚሁ ላይ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ እንደገና ስለተሠራ ተከታታይ ፊልም። አምስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ። ሀውስ ኦፍ ካርድስን ገና ያላያችሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ዝለሉት፣ መጨረሻውን ይነግራል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ብዙ ዓመት ለንደን ኖሯል፣ ዘ ኦፊስ የሚባለውን የቢሮ ኮሜዲ የእንግሊዙን ካልሆነ አላይም ይላል። እኔ የአሜሪካኑን ሦስቴ ጨርሻለሁ። "ኮፒ ነው" እያለ ያናድደኛል፣ እውነት ኮፒ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ባለቤትሽ የመጀመሪያዋን ኤፒሶድ ብቻ አይቶ ከሆነ ልክ ነው። በ2005 የወጣችው የአሜሪካኑ አንደኛ ኤፒሶድ የእንግሊዙን የ2001 ቃል በቃል ነው የወሰደችው ማለት ይቻላል። ስቴፕለሩ ጄሊ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል፣ እዚያም እዚህም። አለቃው አዲሱ ልጅ ፊት ሪሴፕሽኒስቷን ጠርቶ ማስታወሻ ወረቀት ሰርቀሻል ተባረሻል ይላታል፣ ታለቅሳለች፣ ቀልዴን እኮ ነው ይላል፣ ማንም አይስቅም። እንግሊዙ ላይ ይሄ ትእይንት ሆድ ይቆርጣል ግን ቦታውን ይዟል፣ አሜሪካኑ ላይ ግን የሰው ልብስ የለበሰ ሰው ይመስላል።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ የእንግሊዙ 12 ኤፒሶድና የገና ልዩ ዝግጅት ነው፣ በቃ አለቀ። የእንግሊዙን አለቃ ዴቪድ ብሬንትን ለ12 ኤፒሶድ ትታገሺዋለሽ፣ ለ200 ግን ማን ይችለዋል። አሜሪካኖቹ 9 ሲዝን 201 ኤፒሶድ ነው የሄዱት፣ ያን ያህል ጊዜ ሰው ቤት ለመግባት ደግሞ መወደድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ የነሱን አለቃ ማይክል ስኮትን ለወጡት፣ ቂል ነው ግን ሠራተኞቹን ከልቡ ይወዳል፣ ሌላ ቤተሰብ የለውም። ለባለቤትሽ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ያለውን የሪሴፕሽኒስቷን የፓምን የስእል ኤግዚቢሽን አሳዪው። ከመሥሪያ ቤት የመጡት ጥቂት ናቸው፣ መጥተውም አላደነቋትም፣ ልጅቷ ስእሎቿን ማውረድ ስትጀምር ማይክል ዘግይቶ ይደርሳል፣ የቢሮአቸውን ሕንፃ የሳለችበትን ያያል፣ ያቺን ተራ ሕንፃ፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ኮርቼብሻለሁ ብሎ ይገዛዋል። ይሄ ትእይንት እንግሊዙ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፣ ብሬንት እንዲህ ሌላ ሰው ማየት አይችልበትም። በምላሹ አንቺም የ2003ቱን የገና ዝግጅት ከሱ ጋር ቁጭ ብለሽ እዪለት፣ ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ ፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሀውስ ኦፍ ካርድስ የእንግሊዙ 4 ኤፒሶድ ብቻ መሆኑን ሳይ ገረመኝ። አሜሪካኖቹ ለምን አስረዘሙት? ለኛ ሰውስ የትኛው ይቀርባል? (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ መልሱ አንተ ከምትማረው ጋር ነው የሚያያዘው።

በመጀመሪያ የሁለቱን መክፈቻ እያቸው። የእንግሊዙ ዋና ሰው ኧርኩሃርት የጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ፎቶ ከነፍሬሙ እያየ ዘላለም የሚኖር ነገር የለም ይልና ፎቶውን ይደፋዋል፣ ከዛ ዞር ብሎ ካሜራውን፣ አንተን ማለት ነው፣ ያወራሃል። የአሜሪካኑ አንደርውድ ደግሞ መኪና የገጨው ውሻ ጋ ተንበርክኮ እያናገረህ ውሻውን በእጁ ይገድለዋል። አንዱ በጨዋ ቋንቋ፣ ሌላው በእጁ። ታቸር ደግሞ ልብ በል፣ የእንግሊዙ የመጀመሪያ ክፍል የታየው ኅዳር 18 ቀን 1990 ነው፣ በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ሥልጣን እንደሚለቁ አሳወቁ፣ ማለትም ሕዝቡ ድራማውንና ዜናውን በአንድ ሳምንት ነው ያየው።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ 4ን ከአሜሪካኑ ሙሉ 73 ኤፒሶድ ጋር አታወዳድር፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች 26 ጋር አወዳድር። ኧርኩሃርት ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነው በአራተኛው ኤፒሶድ ነው፣ አንደርውድ ፕሬዚዳንት የሚሆነው በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ። ሁለቱም ፓርላማ ውስጥ የፓርቲ ተጠሪ ናቸው፣ የአባላቱን ድምፅ የሚቆጥሩ፣ ማን ምን እንደደበቀ የሚያውቁ። ግን እንግሊዝ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከለቀቀ ፓርቲው ውስጥ ድምፅ ይሰጣል፣ ያሸነፈው ይገባል፣ ሕዝብ ሳይመርጥ። ስለዚህ ኧርኩሃርት የሚያስፈልገው ወሬ ማሾለክና ተፎካካሪዎቹን አንድ በአንድ ማቆሸሽ ብቻ ነው። አሜሪካ ላይ ይሄ መንገድ ዝግ ነው፣ አንደርውድ መጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ከቦታው ማስነሳት አለበት፣ ከዛ ራሱ ተሹሞ በሁለቱም ምክር ቤት መጽደቅ፣ ከዛ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን እንዲለቅ ማድረግ። የተጋነነ ይመስላል ግን መንገዱ በእውነት ተሄዶበታል፣ ጄራልድ ፎርድ በ1973 ተሹሞ ምክትል ሆነ፣ በ1974 ኒክሰን ሲለቅ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ለሁለቱም ቦታ ሳይመረጥ። ፎርድ ማንንም አልገፋም፣ በሩ ግን ያው በር ነው።

ለኛ የሚቀርበው ያለጥርጥር የእንግሊዙ ነው። በኛ አቆጣጠር 2010 ላይ አቶ ኃይለማርያም ለቀው ዶክተር ዐቢይ እስኪመጡ ድረስ የነበሩትን ሳምንታት አስታውስ፣ ሁላችንም የአንድን ግንባር ምክር ቤት ስብሰባ ነበር ቁጭ ብለን የምንጠብቀው፣ የምርጫ ኮሮጆ አልነበረም። ለአሜሪካዊ ተመልካች ይሄን ማስረዳት ያስፈልጋል፣ አንተ ግን ኖረኸዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ዬስ ሚኒስተርን ስወድ ዕድሜዬን ሙሉ ነው። ልጆቼ ግን ቪፕ ይበልጣል ይሉኛል፣ ስድቡ በዛብኝና ዘጋሁት። ፍረድ። (ከለንደን)

ጋሼ፣ እኔ ለእርስዎ ነው የምፈርደው፣ ግን ቪፕን እንዲህ በቶሎ ባይተዉት ደስ ይለኛል።

ዬስ ሚኒስተር ከ1980 ጀምሮ፣ ዬስ ፕራይም ሚኒስተር ከተባለ በኋላ እስከ 1988፣ በድምሩ 38 ኤፒሶድ ነው፣ ሚኒስትሩ ከየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አንዴም አይነገርም። አያስፈልግማ፣ ሚኒስትር ይመጣል ይሄዳል፣ የሚኒስቴሩ ቋሚ ሠራተኛ የሆነው ዋና ጸሐፊ ሰር ሃምፍሬይ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። አሜሪካ ላይ ይሄን መትከል የሚከብደው ለዚህ ነው፣ እዚያ ፕሬዚዳንት ሲቀየር ወደ 4000 የሚጠጋ ሹመት አብሮ የሚቀየር ነው፣ ሰር ሃምፍሬይ ራሱ በመጀመሪያው ሳምንት እቃውን በካርቶን ይዞ ይወጣ ነበር። ህንዶች ግን ወስደው በሂንዲ ሠርተውታል፣ ከእንግሊዝ የወረሱት ቢሮክራሲ ስላለ ገጠመላቸው።

ቪፕ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። አርማንዶ ያኑቺ በ2005 ዘ ቲክ ኦፍ ኢት የሚል የእንግሊዝ ኮሜዲ ጀመረ፣ በ2007 ኤቢሲ የተባለው ቻናል የአሜሪካ ቅጂ ሙከራ አስቀርጾ ሳይወስደው ቀረ። ነፃ ቻናል ላይ ያ ሁሉ ስድብ አይፈቀድም፣ ስድቡ ሲወጣ ደግሞ ተሳዳቢው ዋና ሰው ማልኮም ታከር ምኑ ይቀራል። በኋላ ያኑቺ ራሱ በ2012 በክፍያ የሚታየው ኤችቢኦ ላይ ቪፕን ሠራ፣ ታሪኩን ሳይሆን ዓይኑን ነው ይዞ የሄደው፣ አሜሪካ ውስጥ ስም ይዞ ሥልጣን የሌለው ማነው ብሎ ፈለገ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቷን አገኘ። ሰሊና ወደ ቢሮ ስትገባ ሁሌ ጸሐፊዋን "ሱ፣ ፕሬዚዳንቱ ደወለ?" ትላለች፣ መልሱ "አልደወለም" ነው። በዚህች መልስ ውስጥ ሙሉ ሕገ መንግሥት አለ። የልጅ ልጆች ካሉ አብረው አይክፈቱት፣ ስድቡ ልክ ነው ከባድ ነው። ማታ ለብቻዎ ግን ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሆምላንድ ከኛ አገር የተወሰደ ነው ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

አዎ እውነት ነው፣ ሐቱፊም የሚባለው የ2010 ተከታታይ ነው መነሻው። ሐቱፊም ላይ ሁለት ወታደሮች ከ17 ዓመት ምርኮ ይመለሳሉ፣ የሦስተኛው አስከሬን ይመጣል፣ ታሪኩም በአብዛኛው ቤት ውስጥ ነው፣ ሚስት፣ ሳያውቁት ያደጉ ልጆች፣ መተኛት ያቃተው ሰው። ፊልሙ ሲታይ እስራኤላዊው ወታደር ጊልዓድ ሻሊት ገና ምርኮ ላይ ነበር፣ ሁሉም ቤት ወታደር ያለበት አገር ላይ ደግሞ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አሜሪካኖቹ በ2011 ወደ ስለላ አዞሩት፣ ሰውየው ከድቶ ይሆን ወይ የሚለው ዋናው ሆነ። ሆምላንድ ልብ ያንጠለጥላል፣ ሐቱፊም ግን ያስለቅሳል፣ እኔ ሐቱፊምን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከነዚህ ሁሉ በአማርኛ ተሠርቶ ማየት የምትፈልገው የትኛውን ነው? ወይስ ቢደበብ ይበቃል? (ከሐዋሳ)

ድቢንግ ቃናዎች በ2016 ሲጀምሩ ብዙ ቤት አስተካክሎ የገባ ነገር ነው፣ ለፍቅር ድራማ ይሆናል፣ እንባ በማንም ቋንቋ እንባ ነው። የሰር ሃምፍሬይ ንግግር ግን ሊደበብ አይችልም፣ ጀምሮ ሳይጨርሰው ሚኒስትሩ መልስ ያገኘ መስሎት ይወጣል፣ እሱን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አዲስ ነው መጻፍ ያለበት፣ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ቢሆን ደግሞ የበለጠ። ስለዚህ እንደገና ይሠራ ባይ ነኝ፣ ዬስ ሚኒስተር።

አንዷን ኤፒሶድ ከአባቴ ጋር ነው ያየሁት። አባቴ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 30 ዓመት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት፣ እንግሊዝኛው ሲፈጥንባቸው እያቆምኩ እተረጉምላቸዋለሁ። ኤፒሶዷ ላይ አዲስ ሆስፒታል አለ፣ ከ500 በላይ ሠራተኛ የተቀጠረለት፣ በሽተኛ ግን አንድም የሌለው፣ ኃላፊዎቹ ግን ሥራ በዝቶብናል ይላሉ፣ ንፅህናውም አንደኛ ነው። አባቴ አልሳቁም። ወደፊት ተጠግተው ቆዩና "እኛ ጋ አንድ ክፍል ነበረ" ብለው ጀመሩ፣ የክፍሉን ኃላፊ፣ የፀሐፊዋን፣ ከመደርደሪያው ሦስተኛ ረድፍ ላይ ለዓመታት ሳይከፈት ስለኖረ አንድ ፋይል ሁሉንም ነገሩኝ፣ ፊልሙን አቁሜ ማዳመጥ ሆነ ሥራዬ። ሲጨርሱ ሪሞቱን ከእጄ ወሰዱና "በል አሁን ሆስፒታሉ ምን እንደሆነ ልየው" አሉ።