«እዚያ ሰው በቋንቋው አይቀልድም» ለተባለችው ልጄ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ ናት። መምህርት ሆና ደቡብ ውስጥ ተመድባለች። የአካባቢውን ቋንቋ አትችልም። ዘመዶቿም ገና ሻንጣዋን ሳትዘጋ አስፈራርተዋታል። «ጋሼ፣ እዚያ ሰው በቋንቋው አይቀልድም፣ በትንሹ ይቆጣል፣ አፍሽን ይዘሽ አስተምሪና ውጪ አሉኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እንዳትፈሪ ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ልጻፍልሽ። ሌሎቻችሁም ብታነቡት አይከፋኝም።

ሰው አክብሪ፣ ባህል አትናቂ የሚለውን እዘለዋለሁ። እናትሽ ነግራሻለች።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። አፌን የፈታሁት በአማርኛ፣ ፊደል የቆጠርኩትም በአማርኛ ነው። ማንም መጥቶ «ቋንቋህን ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አድርገህ ጻፍ» ብሎኝ አያውቅም። የቋንቋ ነገር ሲነሳ «ምን ያካብዱታል?» የሚል ሰው ካየሽ፣ ብዙውን ጊዜ እንደኔ ያደገ ነው።

ወላይታ ሶዶ ስመደብ ወላይታ ገና ራሱን የቻለ ዞን አልነበረም። የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ነበር። የዞኑ ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ነበረች። የተከራየሁት ክፍል የአንድ አንጋፋ የአንደኛ ክፍል መምህር ግቢ ውስጥ ነበር። ከበሩ ላይ ሆነሽ የዳሞታን ተራራ ታያለሽ። ባለቤቱ ዳታ የምትባለውን በርበሬያቸውን ስታቀርብልኝ መጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ። የምሬን ነው፣ እንባዬ ወረደ። እሷም በሳቅ አለቀሰች። በኋላ ግን ያለ ዳታ ሥጋ አልበላም ብዬ አረፍኩት። ለእናቴ በብልቃጥ ወስጄላት «ይሄ ለሰው ነው?» አለችኝ። ነገሬ ይህ አይደለም፤ ትዝ ስላለኝ ነው።

ሰውዬውን ወዳጄ ልበለው። ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ አሉ። ማታ ማታ ፋኖስ አጠገብ ተቀምጠን የተማሪ ደብተር እናርም ነበር። እሱ ቀይ እስክሪብቶ ይወዳል። ያረመው ደብተር ከሩቅ ይታወቅ ነበር።

ታሪኩን ቀስ በቀስ ነው የነገረኝ። ልጅ እያለ፣ በንጉሡ ዘመን፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በመላ አገሪቱ በአማርኛ ነበር። ግቢ ውስጥ በወላይትኛ ሲያወሩ የተያዙ ልጆች ይገረፉ እንደነበር እየሳቀ ያጫውተኛል። መምህር ሆኖ ሳለ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ወደ 15 ቋንቋዎች ደረሰ፣ ወላይትኛም አንዱ ነበር። በግዕዝ ፊደል ነበር የሚጻፈው። ወዳጄ እናቶችን አስተማረ። ያስተማረበትን መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ አሳይቶኛል። አገር ተለወጠ፤ በ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ። ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተባለ። ወላይትኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ያ ሽበታም ሰውዬ ቁጭ ብሎ የገዛ ቋንቋውን አጻጻፍ እንደ አዲስ ተማረ። አጉረመረመ። ግን ተማረ፤ የክፍሉም ልጆች ጎበዝ አንባቢዎች ነበሩ።

እንግዲህ ቁጠሪ። በአንድ ሰው ዕድሜ ቋንቋው መጀመሪያ ያስገርፍ ነበር፣ ቀጥሎ በአንድ ፊደል ተጻፈ፣ ከዚያ በሌላ ፊደል። ሦስቱንም ጊዜ ውሳኔው ከላይ ነው የመጣው። ደግ ውሳኔም ይሁን ክፉ፣ ለእሱ የደረሰው በደብዳቤ ነው።

አራተኛው በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጣ። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ የሚናገሯቸው ቋንቋዎች ይቀራረባሉ ተባለ። እውነት ነው፣ የቋንቋ ምሁራንም ከአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ስለዚህ አራቱን አዋህዶ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ይቻላል ተባለ። ስሙም ከአራቱ መነሻ ፊደላት ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ሆነ።

ስብሰባ ላይ አንድ ባለሥልጣን ሲያስረዳን ሰማሁት። ለአራት ሕዝብ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ይረክሳል፣ መምህራንንም አንድ ላይ ማሠልጠን ይቻላል አለ። ልንገርሽ፣ እኔ ሒሳቡ ልክ መስሎኝ ነበር። አሁንም ወረቀት ላይ ብታሰፊው ልክ ነው የሚመጣልሽ። ወዳጄ እጁን አውጥቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ከዚህ በፊት ማንን ጠይቃችሁ ነው?» መልስ አላገኘም። ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

መጽሐፉን ያየሁት ማታ ቤት ነው። ወዳጄ አንዱን ይዞ መጥቶ ለልጅ ልጁ ሰጣት። አንደኛ ክፍል ናት፣ ማንበብ ትወዳለች። ጮክ ብላ ጀመረች። አንድ ዓረፍተ ነገር በደንብ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ቆመች። ፊደሉን ታውቀዋለች፣ ድምፁን አወጣችው፣ ቃሉ ግን የቤቷ አይደለም። ቀና ብላ አያቷን አየች። አያትየው ከጓዳ ሆና «እሱ የጋሞዎች ነው» አለች። ልጅቷ ቀጠለች። ደግሞ ቆመች። «እሱን ዳውሮ የመጣ ነጋዴ ሲናገር ሰምቻለሁ» አለች አያት። ወዳጄ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣና የቤታቸው ያልሆነውን ቃል ማስመር ጀመረ። ምንም አልተናገረም። ገጹ ሲያልቅ ቀዩ በዝቷል። ልጅቷም ስህተቱ የእሷ መስሏት ማልቀስ ጀመረች። እስከዚያ ቀን ቀይ መስመር ማለት ለእሷ ስህተት ነው፤ እሱው ራሱ ነው ያስተማራት።

«የጋሞው ልጅም ቤቱ ሆኖ እንዲሁ ያለቅሳል» አለኝ ወዳጄ። ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በጋሞዎቹ አልተቆጣም። ንዴቱ የሁለቱንም ቤት ሳያንኳኳ በገባው ሰው ላይ ነበር።

የተከተለውን ብዙዎች ያውቁታል። ሶዶ ተነሣች። ተማሪው ወጣ፣ ወላጅ ወጣ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። መንግሥት በመጨረሻ መጽሐፉን ተወው። በ1993 ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ዛሬ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ወዳጄ ግን ይህን ሶዶ ሆኖ አላየም። ከግርግሩ በኋላ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው። መንገድ በቅጡ ወደማይገባበት ወረዳ ላኩት። የተላከበትን ምክንያት የሚናገር ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። የሸኘሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ላስቲክ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ከልብሱ መሐል ሲያስገባው አየሁ።

ከዚያ በኋላ የተያየነው አልፎ አልፎ ነው። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ሆኜ ማረፉን ሰማሁና ለለቅሶው ሄድኩ። ሕዝቡ ብዙ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ እሱ ረጅም ነገር ተናገሩ። ሴቶቹ አለቀሱ። መሐል ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ በእንባው ውስጥ ፈገግ አለ፤ የሚያስቅ ነገር አንስተው መሆን አለበት። እኔ ምንም አልገባኝም። አጠገቤ ያለውን ወጣት ጠየቅሁት። «ስለ ቀይ እስክሪብቶው ነው» አለኝ በአማርኛ። ከዚያ በላይ ሊነግረኝ አልቻለም፣ እሱም እያለቀሰ ነበር።

የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያ ሰው ማታ ማታ «ና ወላይትኛ ላስተምርህ» ይለኝ ነበር። እኔ «ነገ» እላለሁ። ለምን ልማር? ሰው ሁሉ በአማርኛ ያናግረኛል። ሰው ወደተሰበሰበበት ስገባ የሞቀ ጨዋታ በአንዴ ወደ አማርኛ ይዞራል። ያኔ አማርኛ ስለሚቀናቸው ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ሲሉ እንደሚዞሩ፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ መናገር ትተው ዝም እንደሚሉ ልብ ያልኩት እዚያ ለቅሶ ላይ ነው። እኔ በገባሁ ቁጥር አዛውንቶቹ ጨዋታቸው ይቋረጥ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ዛሬዎቹ ልመለስ። ሁለት ዓይነት ወጣት አያለሁ፣ ሁለቱም ያናድዱኛል። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ስለ ማንነቱ ሲሳደብ ይውላል፣ ለአያቱ ግን በአያቱ ቋንቋ አንድ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም። ሁለተኛው «እኔ ብሔር አላውቅም፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ» ይላል። ይህን ሲል ደስ ይለኛል፤ ስሜቱ የእኔም ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለችውን «ብሔር» የምትል መስመር ሁሌም እጠላት ነበር። ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ስመዘገብ ያን አለመጠየቄ እፎይ አሰኝቶኛል። ወዳጄ ግን መታወቂያ ሲያሳድስ ያቺ መስመር በትክክል መሞላቷን ሳያይ አይወጣም ነበር። ስማችን ወረቀት ላይ ለመግባት ስንት ዘመን ፈጀ ይለኝ ነበር። ልክ ማን ነው? አላስታረቅኳቸውም፣ ሁለቱንም ይዤ ነው የማረጀው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። በ2012 ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚል ፖሊሲ ጸደቀ። በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185 ወጣ። አዋጅ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሌላውን አነጋገር እየቀዳ የሚያስቀውን ሰው የሚከስ የለም። እዚያ ቁጭ ብለሽ አለመሳቅ የራስሽ ሥራ ነው።

ልጄ፣ አፍሽን ይዘሽ አስተምሪ ያሉሽን አትስሚ። ዝም ያለች መምህርት የበለጠ ታስፈራለች። ፖለቲካውን ግን በመጀመሪያው ዓመት አትንኪው፤ ገና የማን ወንድም የት እንደሞተ አታውቂም።

ስትደርሺ የቋንቋውን መምህር ማን እንደሆነ ጠይቂ። ሮስተሩን ይዘሽ ሂጂና የተማሪዎችሽን ስም አንድ በአንድ ያንብብልሽ። የሚጠብቀውን፣ የሚላላውን፣ ረዘም የሚለውን በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ስሙ ከበደኝ ብለሽ የልጅ ስም አታሳጥሪ፣ የአዲስ አበባ ቅጽል ስምም አታውጪላቸው። ክፍል ገብተሽ ስትጠሪ ካጠፋሽ ልጁ ራሱ ያርምሽ። ይስቁብሻል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዷ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ሌላ ቃል ልታስተምርሽ ትመጣለች፤ ያን ቀን ደብተር አዘጋጂ።