የጥቁር እንጨት ዘር ከየት ልግዛ ላልከው

ወንድሜ፣ ከአባትህ በወረስከው ደጋ መሬት ላይ ጥቁር እንጨት የሚባለውን የደን ዛፍ ለመትከል ዘሩን ከየት እንደምትገዛ፣ ለመጪው ዓመት ማስቀመጥ ትችል እንደሆነና ልጡ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቀሃል። ዘሩን ከማንም አትግዛ፤ ለማስቀመጥም አታስብ። እኔ ገንዘቤንም አንድ ሙሉ ክረምቴንም በልቶብኛል።

1. ቦታው። ከ1,700 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ያለው እርጥብ ደጋ የዛፉ አገር ነው። እኛ ቦንጋ አካባቢ ጭጋግ በማይለየው ዳገት ቀረሮ ከሚባለው ትልቅ ዛፍ ጋር ጎን ለጎን ይቆማል፤ በባሌ የሐረና ደንም አለ። ያንተም መሬት ደጋ ስለሆነ በዚህ አልቆይም።

2. ዘሩ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የጥቁር እንጨት ዘር እንደ ግራር ዘር ደርቆ ዓመት አይጠብቅም፤ ከደረቀ ይሞታል። እኔ የገዛሁት ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ደብዳቤ አጽፌ፣ ደጅ ጠንቼ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ ተመላልሼ በመጨረሻ የሰጡኝ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ደረቅ ዘር ነው። መቼ እንደተለቀመ ብጠይቅ ባለሙያው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ካልፈለግክ መልስ፣ ሌላ ፈላጊ አለው» አሉኝ። መደብ አዘጋጀሁ፣ ዳስ ሠራሁ፣ ለሠራተኛ ከፈልኩ፣ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣሁ። አንድም አልበቀለም። ላመለክት ስመለስ «የአያያዝ ችግር ነው» ተባልኩ። ይህን የሚሉት ኮሶና ዝግባ አፍልቶ ለቀበሌው ሁሉ ያከፋፈለን ሰው ነው! ዝግባ ማብቀል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሞከረ ያውቀዋል። እስከ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

3. አለቃቀሙ። መፍትሔው የመጣው ከቢሮ ሳይሆን በደኑ ውስጥ ቀፎ ከሚሰቅሉ አንድ አባት ነው። «ጉሬዛ የሚሰበሰብበትን ዛፍ ተመልከት፤ ፍሬው የደረሰው እዚያ ነው» አሉኝ። የደን ተጠቃሚዎች ማኅበሩን አስፈቅጄ አብረን ገባን (አንተም ሳታስፈቅድ እንዳትገባ)። ዛፉን ከተጠራጠርክ ቅጠሉን በጣትህ እሸው፤ የኮክ ፍሬን ድንጋይ ሰብረህ ውስጡን ስታሸተው ያለው ዓይነት መራራ ሽታ አለው። የቅጠሉ እጀታም ቀላ ይላል። የምትለቅመው ጠቆር ብሎ የቀላውን ፍሬ ነው። ሥጋውን በዚያው ዕለት በውኃ እያሸህ አላቀህ፣ ጥላ ላይ አንጠፍጥፈህ ሳይደርቅ ዝራው፤ ፀሐይ እንዳያገኘው። እኔ የደን አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ፣ በላዩ ሣር ጎዝጉዤ ጠበቅሁ። ከወር በላይ ቆይቶ አፈሩን እየሰነጠቀ ሲወጣ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ዛሬ የግብርና ተማሪዎች መደቤን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ኮርቼበታለሁ።

4. ልጡን እሸጣለሁ ያልከውን ተው። ልጡ ለፕሮስቴት እጢ ማበጥ መድኃኒት ስለሚሆን አውሮፓውያን ለብዙ ዓመታት ሲገዙት ኖረዋል። በካሜሩን ተራሮች ዙሪያውን እየተላጠ ብዙ ዛፍ ቆሞ ደርቋል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በቁጥጥር ሥር ነው፤ ዛፉም ለአደጋ ከተጋለጡት ዛፎች ጋር ተመዝግቧል። ችግኝህም ለመላጥ እስኪደርስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። እኔም ዘንድ ልጥ ፈላጊ ነጋዴ መጥቶ ነበር፤ ከበሬ መልሼዋለሁ። ዛፉ አድጎ ሲያብብ ንቦች አይለዩትም፤ የምታገኘው ማር ይበቃሃል።

አንድ ዓመት ፍሬው ተትረፍርፎ በሚቀጥለው ሊጠፋ ስለሚችል እናት ዛፎችህን ከአሁኑ ለይተህ ያዝ፤ ከአንድ ዛፍ ብቻም አትልቀም። በአቅራቢያህ ደን ከሌለ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን ቅጥር ጠይቅ፤ በአንዳንዶቹ ዛፉ አለ። የት ወረዳ እንደሆንክ ጻፍልኝ፤ እኛ ዘንድ ፍሬው ሲደርስ እነግርሃለሁ፣ መጥተህ አብረን እንለቅማለን።