ጎብሊኖች ንስሐ መግባት ይችላሉን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ልብ ወለድ «ዘ ሆቢት» አንብቦ ከጨረሰ ወዲህ በውስጡ ስላሉት ክፉ ፍጡራን፣ ስለ ጎብሊኖች፣ «ጎብሊኖቹን የፈጠራቸው እግዚአብሔር ነው? ከሆነ ለምን ሁሉም ክፉ ሆኑ? ከመካከላቸው አንዱ ንስሐ ቢገባ ይማራል?» እያለ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልመልስለት? ወይስ መጽሐፉን ልከልክለው?

መልስ፦ መጽሐፉን አይከልክሉት። እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት ብናገኝ ደስታችን ነው። ደግሞም ጥያቄው ደራሲውን ራሱን ያስጨነቀ ነበር። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ለልጆች ሲያሳትም ጎብሊኖቹን ጨካኞችና ልበ ክፉዎች ብሎ አለፋቸው። በኋላ በትልቁ ሥራው በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ኦርክ ብሎ ሲያመጣቸው ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አልታለፈለትም። በ1954 እ.ኤ.አ. ለአንድ አንባቢ ባዘጋጀው የደብዳቤ ረቂቅ ላይ በባሕርያቸው ክፉ እንደሆኑ ይናገርና፣ «ከቶ ሊድኑ የማይችሉ» ሊል ጥቂት ቀርቶት እንደነበር፣ ያ ግን ከልክ ማለፍ እንደሚሆን ይገልጻል። እንዲኖሩ የፈቀደ እግዚአብሔር ከሆነ፣ እነርሱም የእርሱ የሆነው ዓለም ክፍል ናቸውና። አመጣጣቸውን በኋላም ደጋግሞ ሊያስተካክል ሞክሯል።

እርሱ የተቸገረበት ቦታ ላይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። እግዚአብሔር ያደረገውን ሁሉ አየ፣ እጅግም መልካም ነበረ (ዘፍ. 1፥31)። ቅዱስ ባስልዮስ እንዳስተማረው ክፋት የራሱ ህልውና ያለው ፍጥረት አይደለም፤ የመልካም ነገር መጓደል ነው። ሳጥናኤል እንኳ የመላእክት አለቃ ሆኖ ተፈጠረ፤ የወደቀው በገዛ ፈቃዱ ነው። ስለዚህ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ክፉ የሆነ፣ ምርጫ ያልተሰጠው፣ የሚናገርና የሚያስብ ሕዝብ በልብ ወለድ እንጂ በእግዚአብሔር ዓለም ውስጥ የለም።

ልጁ «ይማራል?» ሲልዎት የበላዔ ሰብእን ታሪክ ይንገሩት። ከተአምረ ማርያም እንደምንሰማው ይህ የቅምር ሰው ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ በልቷል። ከየትኛው ጎብሊን ያንሳል? ልጁ ልብ እንዲለው የምፈልገው ግን ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ሰውየው ሲጀምር እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ ሰው በላ የሆነው ጠላት አታሎት ነው። በመጨረሻም አንድ ለምጻም በመንገድ አግኝቶ ውኃ ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ፣ በቅዱሳን ስም ቢለምነው እምቢ አለ፣ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በዚያች ጥርኝ ውኃ ተማረ። ይህን የሚሰማ ልጅ ጎብሊን በሚባል ነገር ላይ የሚኖረው አመለካከት ይለወጣል።

«ታዲያ ጀግናው ጎብሊን ሲገድል ልጄ ደስ ቢለው ኃጢአት ነው?» የሚሉኝ ከሆነ፣ አይደለም። እኛስ በየዕለቱ ዳዊት ስንደግም ጠላቶቼን አጥፋልኝ እንል የለም? የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ ስለሚፈጠፍጠው የሚናገረውን መዝሙር (136፥9) አባቶች ሲተረጉሙ፣ ሕፃናቱ ገና ያላደጉ ክፉ ሐሳቦች ናቸው፣ ዓለቱም ክርስቶስ ነው ይላሉ። ጎብሊኑም እንዲሁ ሊነበብ ይችላል፤ በእኛው ውስጥ ያለ ስስት፣ ቁጣ፣ ጭካኔ ነው ተብሎ። ተጋድሏችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለም (ኤፌ. 6፥12)።

አደጋው የሚመጣው ልጁ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ በጎብሊኑ ቦታ ሰው ሲተካ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ፤ ይህን ምትክ ልጁ ከቶልኪን አይማረውም፤ ከእኛ ነው የሚማረው። ቡና ተፈልቶ፣ ልጁ ጥግ ይዞ እያነበበ፣ «እነዚያ እኮ ዘራቸው ነው፣ ከእነርሱ ምን ደግ ይወጣል» የምንል ክርስቲያኖች ስንት ነን? የነነዌን ጾም ሦስት ቀን ጾመን፣ እግዚአብሔር ለዚያች ጨካኝ ከተማ ራራ ብለን ዘምረን፣ በአራተኛው ቀን ስለ ጎረቤታችን ወገን እንዲህ እንናገራለን። መጽሐፍ ልከልክል ከሚሉ ይልቅ ይህን ወሬ ከቤትዎ ቢከለክሉ እመርጣለሁ።

ቶልኪን ራሱ በዚህ ረገድ የጻፈው ግሩም ቦታ አለ። ልጁ ከፍ ሲል ትልቁን መጽሐፍ ያነብበዋልና ያን ጊዜ ያሳዩት። ሳም የሚባለው ታማኝ አትክልተኛና አገልጋይ ሰዎች ከሰዎች ጋር ሲዋጉ ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ከጠላት ወገን የሆነ አንድ ሰው አንገቱን በቀስት ተመትቶ ከአጠገቡ ይወድቃል፤ በእጁ የተሰበረ ሰይፍ እንደ ጨበጠ። ሳም ፊቱን ባለማየቱ ደስ ይለዋል። ስሙ ማን ይሆን? ከየት መጣ? በእውነት ልቡ ክፉ ነበርን? ወይስ ውሸት ወይም ዛቻ ነው ከአገሩ እስከዚህ ያመጣው? እያለም ያስባል። ለኦርኮቹ ግን እንዲህ የሚያስብላቸው አልተገኘም፤ ልጅዎ ያየው ጉድለት ይህን ነው።

ንስሐ የገባ ጎብሊን በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ልጁ ከፈለገ ግን ታሪኩን እርሱ ይጻፈው፤ ደብተር ይግዙለት። ሲጨርስ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ ያሳየው፣ ለእኔም ቢልኩልኝ አነብበዋለሁ።